ከአረንጓዴው ወዲያ

አንኮበር፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ጉም። ከቆላው ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ሁሉን ዋጠው። ከደጃፌ ቆሜ አጥሩ እንኳ አይታየኝም። ሲመሽ ይገለጥ ይሆናል ብዬ የኮከብ ማያ መነጽሬን አውጥቼ አቆምኩት። አልተገለጠም። መልሼ አስገባሁት። የነሐሱ ቱቦ ርሶ ነበር፤ ጠረግኩት፣ ደግሞ ጠረግኩት። ጉልበቴን አመመኝ።

ወለተሐና እራት አቀረበች። ጨው የለውም። ነገርኳት። ጨው ከቆላ ነው የሚመጣው፣ ነጋዴ ሲወጣ ይገኛል አለችኝ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቃለሁ። ግን ተናገርኩ። ሰው ሲደክመው የማይናገረውን ይናገራል።

እህቴን ያወቅኋት በቅርቡ ነው። ሚስዮኖቹ በልጅነቴ ወደ ጣልያን አገር ሲወስዱኝ ገና አልተወለደችም። የአባቴና የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። ባሏ ሞተ፤ እኔም በሃምሳ ዓመቴ ተመልሼ መጥቼ ቤቷ ገባሁ። ጋሼ ትለኛለች። አሁንም እንደ እንግዳ ነው የምትጠነቀቅልኝ። ወይስ እንደ በሽተኛ?

ዛሬም ምንም አልተሠራም።

ጥቅምት ፲፭

ጥርት ያለ ሰማይ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ቢሆንም ከደብረ ብርሃን ይሻላል። አምና እዚያ ሞክሬ ነፋሱ መነጽሩን ሲያንቀጠቅጠው ነው ያደረው።

የወንዙን መጨረሻ አየሁ። በደቡብ ከገደሉ በላይ ብቅ የሚለው ትልቁ ነጭ ኮከብ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ዐረቦች ናቸው። ጣልያን አገር ሆኖ የሚያየው የለም፤ ለእነሱ ሁልጊዜ ከምድር በታች ነው። ለዚህ ነው የመጣሁት። እነሱ የማያዩት ሰማይ እኔ ደጃፍ ላይ አለ።

ብርሃን የሚበትነውን ብርጭቆ፣ ፕሪዝሙን፣ መነጽሩ ላይ ስገጥመው የኮከቡ ነጥብ ተዘርግቶ መቀነት ይሆናል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ መጨረሻው ሐምራዊ። በመቀነቱ ላይ ጥቋቁር ክሮች ይጋደማሉ። ኮከቡ የየትኛው ወገን እንደሆነ የሚናገሩት እነዚያ ክሮች ናቸው። የታወቁት ወገኖች አራት ናቸው። ነጮቹ አራት ወፍራም ክር አላቸው። ቢጫዎቹ እንደ ፀሐያችን ብዙ ቀጫጭን ክር። ቀዮቹ ምሰሶ እንደ ተደረደረበት አዳራሽ ጥላና ብርሃን የሚፈራረቅባቸው። ደም የመሰሉት ጥቂቶቹ ደግሞ ጥላቸው በተቃራኒው የሚወድቅ። ሥራዬ ከእነዚህ የማይገባውን መፈለግ ነው። እንግዳውን።

የወንዙ መጨረሻ ነጭ ነው። ስለዚህ አራት ክር መሆን አለበት፤ አንዱ ቀዩ ላይ፣ አንዱ አረንጓዴው ሲያልቅ፣ ሁለቱ ሐምራዊው ውስጥ። የቀዩን አገኘሁ። የአረንጓዴውን አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ… ቆረጠ። ክሮቹ የሉም። ሐምራዊው ራሱ የለም። በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

ብርጭቆውን አውጥቼ ጠረግኩት። ያው ነው። ደግሜ ጠረግኩት። ያው።

ጥቅምት ፲፰

ሽመላ በሚሉት የደቡብ ኮከቦች መካከል ያለው ነጩም ያው። ከአረንጓዴው ወዲያ የለም። ፒኮክ የሚሉት ኮከብም። ሊነጋ ሲል ተነሥቼ የደቡቡን ብሩህ ኮከብ ሱሄልን አየሁ። እሱም።

አንድ ቢሆን ስህተት ነው እላለሁ። አራት?

የሰሜኖቹን ነጮች ማስታወሻ አወጣሁ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በዚሁ ፕሪዝም፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት። ቬጋ፦ አራት ክር፣ ሐምራዊው ብሩህ። ሌሎቹም እንዲሁ። ሁሉም ሙሉ ናቸው። የደቡቦቹ ግን ተቆርጠዋል። የሰሜኖቹን ዳግመኛ ማየት ያስፈልጋል? ለምን? የእጅ ጽሑፌን ካላመንኩ ማንን አምናለሁ?

ጥቅምት ፳፩

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የማስበው ስለ ሠንጠረዡ ነው።

ዩኒቨርሲቲውን ስጨርስ ኮከብ ማያው ቤት ቀጠሩኝ። አለቃው ለእንግዳ ሁሉ ያሳየኝ ነበር። «የዚህ ሰው ዓይን ድንቅ ነው። እኛ ሁለት ክር ስናይ እሱ አምስት ያያል።» እንግዳውም ዓይኔን ያያል… ፈረስ እንደሚገዛ ሰው። ስንት ክረምት ጣሪያ ላይ ቆሜ የጻፍኩትን ሠንጠረዥ አሳተሙት። ገለጥኩ። የአለቃው ስም አለ። የምክትሉ ስም አለ። ምክትሉ ብርድ አይወድም፤ ሌሊት ወጥቶ አያውቅም። መቅድሙ መጨረሻ ላይ «ተባባሪዎቻችንን እናመሰግናለን» ይላል። ተባባሪዎቻችን።

ጠየቅሁት። «ሠንጠረዥ የተቋም ነው» አለኝ። የሁለት ሰው ስም የተጻፈበት የተቋም ሠንጠረዥ።

ዓይኔን ፈለጉት። ስሜን አልፈለጉትም።

አሁን ግን ይህ የእኔ ነው። አምስተኛ ወገን። ነጭ ሆነው ሐምራዊ የሌላቸው። ማን ነው ከዚህ ላይ ስሜን የሚያነሣው?

ጥቅምት ፳፭

አንድ ዓይን አይበቃም። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ሁለተኛ ሰው ማየት አለበት። አንኮበር ላይ ሁለተኛ ሰው ከየት ይመጣል? ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ ፈረንጁም ሠራተኛውም ተከትሎ ሄዷል። የቀረነው ካህናትና ጉም ነን።

ስለዚህ ወለተሐናን ጠራኋት። እራት እንደ በላን ጋቢዋን ተከናንባ መጣች። ምን እንደምታይ አስቀድሜ አልነገርኳትም፤ ይህም ሥርዓት ነው። ዓይኗን አስጠጋች።

«ይኼማ የማርያም መቀነት ነው» አለች። ቀስተ ደመና ማለቷ ነው። ስንት ጊዜ ደጅ ስወጣ መስኮቱን ዘግታ የምትተኛ ሴት፣ ድምፅዋ ተለወጠ። «ከአንድ ኮከብ ነው ይኼ ሁሉ የሚወጣው ጋሼ?»

ቀለሞቹን ከዳር ጥሪልኝ አልኳት። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ አለች።

«ከአረንጓዴው ወዲያ ምን አለ?»

«ጥቁር።»

መብራቱን አስጠግቼ ጻፍኩ፦ ሁለተኛ ተመልካች አረጋግጣለች፣ ከአረንጓዴው ወዲያ ጨለማ ነው። ሌላ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ዝም በይ፣ እየጻፍኩ ነው አልኳት። ገባች።

ጥቅምት ፳፱

ጽሑፉን በጣልያንኛ ጨረስኩ። አሳጠርኩ፣ ደግሜ አሳጠርኩ። የሚያኮርፍ ቃል ገብቶበት ነበር፤ አወጣሁት። ሌላ ሦስት ተጨምረው ሰባት ኮከቦች። ስሜ ከላይ፣ በጉልህ።

ወገቤ…

ኅዳር ፩

ያሕያ መጣ። የአሊዩ አምባ ሲራራ ነጋዴ ነው፤ ወደ ዘይላ የሚወርደው እሱ ነው፤ ከዘይላ ጽሑፌ በመርከብ ይሻገራል። ዕድሜያችን አንድ ስለሆነ አንተ እንባባላለን። እኔን ማሾፍ ይወዳል። ወረቀቱን በእጁ መዘን መዘን አደረገና፣ ኮከብ ሁሉ እዚህ ውስጥ ከገባ ለግመሎቼ ከባድ ነው አለኝ። በቆዳ እንደሚሰፋውና ማንም እንደማይነካው ነገረኝ። አማና ነው አለ፤ አደራ ማለቱ ነው።

መቼ እንደሚነሡ ጠየቅሁት። ግመሎቹ ከበረሃ ሲደርሱ፣ በሚካኤላችሁ ማግስት አለኝ።

ሄደ። ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ቆሜ አየሁት።

ኅዳር ፬

ደስ ብሎኛል መሰለኝ። አላውቅም። ደክሞኛል።

ኅዳር ፱

በሥርዓቱ ልጻፈው። ከመጀመሪያው።

ጧት ዙቤዳ፣ የያሕያ ሚስት፣ ሐር ይዛ ከአሊዩ አምባ ወጣች። ወለተሐና የጎረቤታችን የአልታየች ልጅ ክርስትና እናት ልትሆን ነው፤ የሕፃኑን ማተብ የምትገምደው እሷ ናት። ሁለቱ ደጃፍ ላይ ፀሐዩ ውስጥ ቁጭ ብለው ክሩን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። እኔ ከጎናቸው ነኝ። ወሬያቸውን አልሰማም ነበር። ስለ ዙቤዳ አማት ነው። ከዚያ ዙቤዳ «ከሰማያዊው ልቁረጥልሽ?» አለች። ወለተሐና «አዎን፣ ከጥቁሩ» አለች። ዙቤዳም ቆረጠችላት። ከአንድ ልቃቂት።

ላልፈው ነበር። ግን ቃል ሲዛነፍ አልወድም። የቱ ነው፣ ሰማያዊ ነው ጥቁር? አልኳቸው። ተያይተው ሳቁ። የማተብ ሐር ሰማያዊ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው አለች ዙቤዳ። ወለተሐናም ሰማያዊማ ነው፣ ጥቁር ነው እንጂ የምንለው አለች። አባታችንም እንደዚያ ነበር የሚሉት። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው።

ክሩን ተቀበልኩ። ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ጥቁር ነው። ጥላሸት። ይህ ሰማያዊ ነው? ወለተሐና የምትፈትለው የጥቁር በግ ሱፍ አጠገቧ ነበር። አንሥቼ ከሐሩ ጋር አጋደምኩት። አንድ ናቸው። ሐሩን ከሱፉ የለየሁት በጣቴ ነው፣ በልስላሴው። በዓይኔ አይደለም።

ሁለቱ ሴቶች ሳቃቸውን አቆሙ። ፊቴን አይተው ይሆናል።

«ያን ማታ» አልኳት ወለተሐናን፤ «ከአረንጓዴው ወዲያ ምን አለ ስልሽ ጥቁር ብለሽኛል።»

«አዎን።»

«እንዴት ያለ ጥቁር?»

«እንደዚህ ሐር ነዋ።»

«እንደ ከሰል አይደለም?»

«ጋሼ ደግሞ። ከሰል ይበራል እንዴ? ያ እኮ ያበራል። እንዲያውም ከሁሉ እሱ ነው ያማረኝ።»

ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮኽኩ መሰለኝ፤ ዙቤዳ ልቃቂቷን ወደ ዘንቢሏ መክተት ጀመረች። ወለተሐና አልጮኸችም። «አልጠየቁኝማ» አለች። «ጥቁር ስል ብድግ ብለው ጻፉ። ልናገር ስል ዝም በይ አሉኝ።»

ጨለማ ብዬ የጻፍኩት ቃል… የልጅነቴ ቋንቋ ነው። ጥቁር ፈረስ፣ ጥቁር ሐር፣ ጥቁር ሰማይ። አውቀው ነበር። አርባ ዓመት ጣልያንኛ አስቤ ረሳሁት።

ዙቤዳ ሄደች። እኩለ ቀን ሲሆን በሩን ዘግቼ በስንጥቁ የገባችውን ፀሐይ በፕሪዝሙ አሳልፌ ነጩ ግድግዳ ላይ ጣልኳት። መቀነቱ ተዘረጋ። ለወለተሐና ከሰል ሰጠኋት፤ ቀለሙ የሚያልቅበት ላይ ምልክት አድርጊ አልኳት፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ በተራዬ ምልክቷን በጨርቅ አስሸፍኜ የእኔን አደረግኩ። ጨርቁን አነሣሁ።

በሁለቱ መካከል እጄ ይገባል። አራቱ ጣቶች ተገጥግጠው።

ያንን ቦታ አፈጠጥኩበት። ግድግዳ ነው። ኖራ። እሷ ከጎኔ ቆማ፣ ይኸው እዚህ፣ ይኸው እዚህ እያለች በጣቷ ታሳየኛለች። ጣቷ ላይ ምንም ቀለም የለም። «እጄ ላይ ወድቋል እኮ» ትላለች።

ማታ ቬጋን አየሁ። ጥርት ያለ ሰማይ። የቀይ ክር፣ የአረንጓዴ ክር። ከዚያ ወዲያ ምንም። ከሃያ ዓመት በፊት አራት ክር የጻፍኩበት ቬጋ።

አምስተኛ ወገን የለም። ያረጀ ዓይን ነው ያለው።

ኅዳር ፲

ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። አልበላሁም።

ወረቀቱ አሊዩ አምባ ነው። በቆዳ ተሰፍቷል። ከነገ ወዲያ ማግስት ይሄዳል። ዘይላ ለመድረስ ስንት ጊዜ? ከዚያ መርከብ። ከዚያ ማተም። መልስ እስኪመጣ ሁለት ዓመት። በሁለት ዓመት ውስጥ ማን ያውቃል… ልሞትም እችላለሁ። ጣልያን አገር ያሉት እነዚህን ኮከቦች አያዩዋቸውም። ከአፍሪቃ ጫፍ ያለው የእንግሊዝ ኮከብ ማያ ቤት ያያል፤ ግን እነሱ ሥራ ይበዛባቸዋል። ለጊዜው ስሜ ይታተማል። አንድ ጊዜ ብቻ። ይህ ይበዛብኛል?

ምክትሉ ሌሊት ሳይወጣ ስሙ ታትሟል።

ኅዳር ፲፩፣ አሊዩ አምባ

በበቅሎ ወረድኩ። ወለተሐና ነገ ሚካኤል ነው፣ በበዓል ዋዜማ መንገድ ምንድነው አለችኝ። ግን ስንቅ ቋጠረችልኝ። ግማሹን ቁልቁለት በእግሬ ነው የወረድኩት፤ በቅሎዋም እኔም አልተማመንን። ወደ ታች ሲሄዱ ሙቀቱ እየበረታ ይመጣል፤ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ከዚያ ካባዬን።

ያሕያ ግቢው ውስጥ ጭነት ያስራል። ሳየው ተቀመጥኩ። ውኃ ሰጠኝ። ወረቀቴን መልስልኝ አልኩት።

ይናደዳል ብዬ ነበር፤ ሰፍቶታል፣ ከቡናው ጭነት መካከል አስገብቶታል። አልተናደደም። አማና ነው፣ የሰጠኝ ሰው ሲጠይቀኝ እመልሳለሁ አለ። ግን አሁን አይደለም። ብላ፣ ተኛ፣ ነገ ጧት ጠይቀኝ። ንዴት ላይ ላለ ሰው አማና አልመልስም፤ ኋላ ለምን ሰጠኸኝ ብለህ ትከሰኛለህ አለ።

ሥጋ አላቀረበልኝም፤ እንደማልበላ ያውቃል። እንጀራና ማር አቀረበልኝ። ዙቤዳ ቀና ብላ አላየችኝም። ከትናንት ወዲያ ስለጮኽኩ ይሆናል። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ነበረብኝ። ነገ።

ኅዳር ፲፪

ጧት ጠየቅሁት። ጎኔ ተቀመጠ።

«ውስጡ ውሸት ነው?» አለኝ።

«ውሸት አይደለም። ስህተት ነው።»

«ታዲያ ይሂድ። ትላልቅ ሰዎች አይደሉ? እዚያ ያርሙታል።»

«ሲያርሙት ስሜን ይጽፉታል። ልክ ስሠራ ግን አልጻፉትም።»

ከዚያ ሱሄልንም ጽፈኸዋል ወይ አለኝ። ሱሄልን የሚያውቀው በረሃ ላይ ነው፤ ሲወጣ አይቶ ግመል ያስነሣል፣ አባቱም እንዲሁ። አዎን ጽፌዋለሁ አልኩት።

«ሱሄል ምን ጎድሎት?»

«ምንም አልጎደለውም። የጎደለኝ እኔ ነኝ።»

«ወላሂ ይኼን ከመጀመሪያው ልነግርህ እችል ነበር» አለ። ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ጭነቱን ፈታ። ስፌቱን በጩቤ ቀደደ። ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠ። እንዳልሳቀቅ ነው መሰለኝ ፈጥኖ ወደ ግመሎቹ ሄደ።

ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። ጽሕፈቱ ያምራል። ስሜ ጉልህ ነው። ሰባቱ ኮከቦች በየመስመራቸው። ሥራው ጥሩ ነው… ሁሉም ነገር ልክ ነው፣ ከአንድ ነገር በቀር። ቀደድኩት። ለያሕያ ቤት እሳት ሰጠሁት።

ከዚያ ብዕር ጠየቅሁ። ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። የግድግዳውን ነገር ብቻ። የፀሐይ መቀነት፣ ሁለት ተመልካች፣ አንዱ ሃምሳ አራት ዓመቱ፣ አንዷ አርባ። በምልክቶቹ መካከል አራት ጣት። ሰው ሲያረጅ ዓይኑ ሐምራዊውን ሳያውቀው ይተዋል፤ ስለዚህ ሸምግለው ኮከብ የመደቡ ሁሉ ሠንጠረዣቸውን በወጣት ዓይን ያስመርምሩ። ይህን ስጽፍ አለቃው ትዝ አለኝ። ያን ሠንጠረዥ ሲያርም ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። እኔ ሐምራዊ ክር ብዬ የጻፍኩበትን ቦታ ሁሉ «አልታየም» ብሎ ሰርዞታል። ያን ጊዜ ተዋረድኩ ብዬ ነበር የተቆጣሁት። ለካ አልታየውም ነበር።

ቁጣዬ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። አለ። ግን የሚያርፍበት ጠፋ።

ግማሽ ገጹን ያሕያ ወሰደው። በቆዳ አልሰፋውም፤ ቀላል ነው፣ ከኮፍያዬ ውስጥ አደርገዋለሁ አለ።

ለዙቤዳ ይቅርታ ጠየቅሁ። «አባቴ፣ እኔ እኮ ሐሩን አልወደዱትም ብዬ ነው» አለች።

ኅዳር ፲፭

ጾም ገባ። ሽቅቡ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አልጋ ላይ ነኝ። ወለተሐና ተልባ አመጣችልኝ። ስለ ወረቀቱ አልጠየቀችኝም። ነገርኳት። ኮከቦቹስ ደኅና ናቸው አለች። ደኅና ናቸው አልኳት።

ኅዳር ፲፱

መነጽሩ ተሸፍኖ ነው የሰነበተው። ዛሬ ጧት ሽፋኑን ተጥፎ አገኘሁት። የተቀደደበት ቦታ ተደርዟል። በጥቁር ክር… በሰማያዊ ይሁን፣ አላውቅም። አልጠየቅሁም።

ኅዳር ፳፬

ለወለተሐና ነገርኳት። ሥራው ከአረንጓዴው መለስ ላለው ብቻ በእኔ ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ላለው አንቺ ነሽ። አሰበች። ብርዱን አሰበች መሰለኝ። በሰንበትና በማኅበር ቀን አልችልም፣ ጮኸውም አይናገሩኝም አለች። ተስማማሁ። ሁለተኛው ይከብደኛል።

ቃል አወጣን። ቀኑን ሙሉ የሐር ቁርጥራጭ፣ የአበባ ቅጠል፣ የወፍ ላባ ሰብስበን በተርታ አስቀመጥን። ጥቁር ስትል የቱን ማለቷ እንደሆነ፣ ሰማያዊ ስትል የቱን፣ ተነጋገርን። ተጣላንም። ለእኔ አንድ የሆኑብኝ ለእሷ ሦስት ናቸው። «ይኼኛው እንደ ብርማ ያለ ነው፣ ይኼኛው ያዝናል» ትላለች። ያዝናል የሚባል ቀለም የለም አልኳት። አለ አለች። ጻፍኩት።

ኅዳር ፳፰

ትናንት ማታ ጨረቃ የለችም። ጥርት ያለ ሰማይ። ወለተሐና ጋቢዋ ላይ የእኔን ደርባ ወጣች። መነጽሩን የወንዙ መጨረሻ ላይ አቆምኩላት።

ቀለሞቹን ከዳር ጠራች። አረንጓዴው ላይ ስትደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ። «ከዚያስ?» አልኩ። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ሰማያዊ፣ አለች። ከዚያ የሚያዝነው። እሱ ላይ አንድ ክር፣ ወፍራም። ከዚያ ወዲያ… ቆይ… ሌላ አንድ፣ ቀጠን ያለ። ከዚያ ማለቂያው። እርግጠኛ ነሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ራሷ ደግማ አየች። አዎን፣ ሁለት አለች።

አራት ክር። የወንዙ መጨረሻ የመጀመሪያው ወገን ነው። ተራ ነጭ ኮከብ። እንግዳ አይደለም።

ሽመላውንም አየች። ሙሉ ነው። ከዚያ እግሬ ደነዘዘ፣ በቃኝ አለች፤ ገባች። እንደዚያ ያለ ሰማይ ትቼ ገብቼ አላውቅም። ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ለመነጽሩ ሽፋኑን አለበስኩትና ተከትያት ገባሁ።

ዛሬ ጧት አዲሱን ሠንጠረዥ አሰመርኩ። ከራሱ ላይ «ያየ» የሚል ቦታ አለ። ስሜን ጻፍኩ፤ ከልማድ። ቀለሙ ሳይደርቅ አየሁት። ብዙ አየሁት። ሰረዝኩት፣ ወረቀቱ ስለቆሸሸም ሌላ አሰመርኩ።

ወለተሐና ከበስተኋላዬ መጥታ ምን እየጻፍኩ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ማንበብ አትችልም። ስምሽን ነው አልኳት። ለምን አለች።

«ያየሽው አንቺ ነሻ።»

«ፈረንጅ አገር የሚሄድ ነው?»

«ሲያልቅ ይሄዳል።»

በጣቷ ፊደሎቹን ነካቻቸው። ወለተሐና። አሰበች። ፊቷ ከበድ አለ።

«እሺ። የእናታችንን ስም ግን እንዳይጨምሩበት፤ በስሜና በእናቴ ስም ጠንቋይ ኮከቤን ቆጥሮ ክፉ እንዳያደርግብኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ማታ እጨቃጨቃት ነበር።

አልጨመርኩም።